መምህሩ ያልተረጎመው

ሙሴ የሚለውን ስም ያወጡለት ሰባኪዎች ናቸው። ደርግ በወደቀ ማግስት፣ ተዘግተው የኖሩ ጸሎት ቤቶች በየቀበሌው ሲከፈቱ፣ እሱ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። ነሪ ወንዝ ላይ አጠመቁትና ሙሴ አሉት። አባቱ ያወጡለትን የአሪኛ ስም ከዚያ ወዲህ ከራሳቸው ከአባቱ በቀር የሚጠራው ጠፋ።

አባቱ ከባኮ ማዶ ባለው ኮረብታ የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። እንሰትና ኮረሪማ ያለማሉ፣ ቀፎ ይሰቅላሉ። የመዝሪያው ወር ሲደርስ ደግሞ ለአካባቢው ሰው ሁሉ ፍየል አርደው መሬቱን የሚለምኑት እሳቸው ነበሩ፤ ከአባታቸው የወረሱት ነው። እሳቸው ሳይለምኑ ዘር መሬት አይነካም። ወንጌል ኮረብታውን ሲያዳርሰው ግን ጎረቤቱ አንድ በአንድ ሸሻቸው። በመጨረሻም የጸሎት ቤቱ ወጣቶች ፍየሉ የሚታረድበትን ትልቅ ዛፍ በመጥረቢያ ጣሉት። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው መለመኑን ተዉ። ጸሎት ቤትም አልሄዱም።

ሙሴ ትምህርት ያዘለት። አርባ ምንጭ ተምሮ የታሪክ መምህር ሆነ፤ ጥቂት ዓመት ዲመካ አስተምሮ ወደ ጂንካ ተዛወረ። ኤልሳቤጥን አገባ። እሷ በመዘምራን፣ እሱ በወጣቶች አስተማሪነት በአንድ ጸሎት ቤት ያገለግሉ ነበር።

በዘጠነኛ ክፍል የታሪክ ትምህርት ውስጥ ስለ ዓለም ሃይማኖቶች የሚናገር ምዕራፍ አለ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ማስረዳቱ ግን በአማርኛ ነው። ሙሴ ይህን ምዕራፍ ይወደው ነበር። ሰሌዳውን በጠመኔ አስምሮ ሂንዱ፣ ቡድሃ፣ አይሁድ፣ ክርስትና፣ እስልምና እያለ መሥራቹን፣ ቅዱስ መጽሐፉንና የጸሎት ቦታውን ይሞላል። ክፍሉ ውስጥ ከየአገሩ ተመድበው የመጡ የመንግሥት ሠራተኞች ልጆች አሉ፤ የነጋዴ ልጆች አሉ፤ ከገጠር ወርደው ቤት ተከራይተው የሚማሩ የአሪ ልጆች አሉ። የየራሳቸው ሃይማኖት ተራ ሲደርስ ቀና ይላሉ።

በ2000 ዓ.ም. ነው፤ ሐቢባ የምትባል የጨርቅ ነጋዴ ልጅ እጇን አወጣች።

"መምህር፣ እነዚህ ሁሉ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። እዚሁ ጂንካ ከእነሱ በፊት ሰው ምን ነበር የሚያምነው?"

"ባህላዊ እምነት ይባላል" አላት።

"መሥራቹ ማነው? መጽሐፉስ?"

ከኋላ ወንበር አንዱ "ጠንቋይ ነዋ" አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ሙሴ ፊቱ ጋለ። መጽሐፉ ለዚህ ጉዳይ የሰጠው አንድ አጭር አንቀጽ ብቻ ነው። አስቦም ሳይሆን፣ "በሚቀጥለው ሳምንት የሚያውቅ ሰው አመጣላችኋለሁ" አላቸው።

ማታ ለኤልሳቤጥ ነገራት።

"ማንን ልታመጣ ነው?"

"አባቴን።"

"የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ቢሰሙስ?"

"ትምህርት እኮ ነው፤ ስብከት አይደለም።"

ኤልሳቤጥ ሰሃኑን ሰብስባ ወደ ጓሮ ወጣች።

ቅዳሜ ሙሴ ኮረብታውን ወጣ። ነገሩን ለአባቱ ነገራቸው። እንዲህ ያለ ነገር ጠይቋቸው አያውቅም።

"ምን ልበላቸው?"

"የምታውቀውን ነዋ አባዬ። በእኛው ቋንቋ ተናገር፤ እኔ እተረጉማለሁ።"

በተባለው ቀን ሽማግሌው ለለቅሶ ብቻ የሚለብሷትን ኮት ለብሰው በማለዳ ወረዱ። ነሪ ላይ እግራቸውን ታጥበዋል። ተማሪው ብድግ ብሎ ሲቀበላቸው ደነገጡ፤ ወንበር ሲሰጣቸው ግን አልተቀመጡም። ሰሌዳው አጠገብ ቆመው በአሪኛ ጀመሩ።

"ዘሩን ከመበተናችን በፊት ደሙን ለመሬቱ እሰጥ ነበር። መሬቱ ሳይቀምስ እኛ አንቀምስም። ዝናብ በቀረበት ዓመት የበኩር ልጄ ሞተ። ሰው 'ልመናህ ምን በላው?' አለኝ። መሬቱን ጠየቅሁት፤ ዝም አለኝ። ለከርሞው መዝሪያም ፍየል አረድሁለት። ሌላ የምጠይቀው አልነበረኝም።"

ሙሴ ስለ ደምና ስለ ሞተው ወንድሙ ለእነዚህ ልጆች መናገር አቃተው። ከኋላ ያለው ልጅ ዳግመኛ ሲስቅ ገና ከወዲሁ ተሰማው።

"አባቶቻችን በመዝሪያ ጊዜ ፈጣሪያቸውን ያመሰግኑ ነበር ነው የሚሉት" አለ።

ሽማግሌው ዞር ብለው አዩትና ቀጠሉ።

"ከዚያ ዛፉን ቆረጡት። የመጀመሪያውን መጥረቢያ ያሳረፈው ይኸው አጠገቤ የቆመው ልጄ ነው። ቆሜ እያየሁት። አልረገምሁትም፤ የወለዱት ይረገማል እንዴ? ለምን እንደቆረጠው ግን እስከ ዛሬ አልነገረኝም።"

የአሪ ልጆች አንገታቸውን ደፉ። የቀሩት የመምህራቸውን አፍ ይጠብቃሉ።

"ከዚያም ወንጌል መጣ፤ ሰውም በፈቃዱ ተወው" አለ ሙሴ።

ከመሃል ወንበር ጸጋአብ ተነሳ። ከሙሴ ጋር በአንድ ጸሎት ቤት የሚያገለግል፣ እሱ ራሱ ያስተማረው፣ ውሸት የማይሆንለት የአሪ ልጅ ነው።

"መምህር፣ እንደዚያ አይደለም ያሉት።"

"ተቀመጥ።"

"ዛፉን የቆረጠው..."

"ተቀመጥ አልሁህ።"

ጸጋአብ ተቀመጠ። ሙሴ አባቱን በክንዳቸው ይዞ እስከ ግቢው በር ሸኛቸው።

"ልጁ ምን አለ?" አሉ ሽማግሌው።

"ጥያቄ ጠየቀ።"

አባቱ ቆም አሉ። "ዕድሜዬን ሙሉ ገበያ የምወርደው በምን ቋንቋ ይመስልሃል?" አሉት። ቤቱ ሄደው ምሳ እንዲበሉ ቢለምናቸው እንቢ ብለው፣ ኮታቸውን አውልቀው ትከሻቸው ላይ ጣሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ወላጆች ለርዕሰ መምህሩ አቤት አሉ፤ ሙሴ "ባዕድ አምልኮ ክፍል ውስጥ አስገብተሃል" ተብሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎችም ጠርተው ከአገልግሎት አገዱትና፣ በጉባኤ ፊት ንስሐ ካልገባ እንደማይመለስ ነገሩት። ኤልሳቤጥ ስታለቅስ ሰነበተች። በአንድ እሑድ ሙሴ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ የአባቱ ልመና የሰይጣን ሥራ እንደነበረና እሳቸውን ወደ ክፍል በማምጣቱ እንደሚጸጸት ተናገረ። ጉባኤው አጨበጨበ። ከሰሙት መካከል ከኮረብታው የወረዱ ሰዎች ነበሩ፤ ወሬውም ከእሱ ቀድሞ አባቱ ቤት ደረሰ።

ስኳርና ብርድ ልብስ ይዞ ሊጠይቃቸው ሲሄድ አባቱ ከደጅ ተቀበሉት።

"መምህር፣ ደህና ነው? ግባ፣ ተቀመጥ" አሉት በተሰባበረ አማርኛ።

ሙሴ የቀለዱ መስሎት በአሪኛ መለሰ። እሳቸው ግን በአማርኛቸው ገፉበት። ስለ ዝናቡ ጠየቁት፤ ስለ ሥራው ጠየቁት፤ ከወረዳ የመጣ ባለሥልጣን እንደሚያስተናግዱ ማር አቀረቡለት፤ ሲሄድም "እግዜር ይስጥልን" ብለው ሸኙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሱ ጋር ሌላ ቋንቋ አልተናገሩም። በአሪኛ ስሙም አልጠሩትም። ሙሴ አንድ ሁለት ጊዜ ይቅርታ ሊጠይቅ ሞክሯል። በአማርኛ ሲለው እንደ መሥሪያ ቤት ንግግር ሆነበት፤ በአሪኛ ሲጀምር ደግሞ አባቱ ተነስተው ቀፏቸውን ሊያዩ ይሄዳሉ።

እንዲህ ሰባት ዓመት ሄደ። በ2007 ዓ.ም. ክረምት፣ እዚያው ኮረብታ ላይ የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ ጥላሁን ደወለለት። ሙሴ በጭቃው እየተንሸራተተ ሲደርስ ሽማግሌው ደክመዋል። ከጥላሁን ጋር በአሪኛ ትንሽ ያንሾካሹካሉ። ሙሴ እጃቸውን ያዘ።

"ደከመህ፣ መምህር። ዝናብ መታህ" አሉት በአማርኛ። ሲመሻሽ አረፉ።

በማግስቱ ወንጌላዊው ከምእመናኑ ጋር መጣ። በኮረብታው ላይ ጸሎት ቤት ያልቆመለት ሬሳ ተሸካሚም ቆፋሪም አያገኝም።

"በመጨረሻዋ ሰዓት ጌታን ተቀብለዋል ወይ?" ብሎ ጠየቀ።

ጥላሁን ወንድሙን አየው። ከጓዳ እናታቸው ያዳምጣሉ፤ እሳቸው ከተጠመቁ ቆይተዋል፤ ከምእመናኑ ሌላ ዘመድ የላቸውም።

"ተቀብለዋል" አለ ጥላሁን።

"አንተም ነበርህ፣ መምህር?"

"ነበርሁ" አለ ሙሴ።

ከበሮው ተመታ፣ ተዘመረ። ወንጌላዊው በመቃብሩ ላይ የኮረብታው የመጨረሻ ባዕድ አምላኪ ለጌታ መንበርከካቸውን ሰበከ፤ ሰውም በእልልታ መለሰለት። ሙሴ ከጥላሁን አጠገብ ቆሞ አፈሩ ሲመለስ አየ። አላለቀሰም። ሲጨርሱ ቆፋሪዎቹን በየተራ እጅ እየነሳ አመሰገነ።

በዓመቱ ዝውውር ጠይቆ ኦሞራቴ ገባ። እዚያ አሪኛ የሚሰማ ብዙም የለም። ታሪክ ያስተምራል፤ ያ ምዕራፍ ሲደርስ ስለ ባህላዊ እምነት የተጻፈውን አንቀጽ እንዳለ ያስጽፍና ወደሚቀጥለው ያልፋል። እጁን የሚያወጣ ተማሪ ካለ "ፈተና ላይ አይመጣም" ይለዋል።

ባለፈው ዓመት የመጨረሻ ልጁ ሀሌሉያ፣ ከትምህርት ቤት ስለ ቤተሰባችሁ ጠይቃችሁ ኑ ተብላ መጣች። አሪኛ አትሰማም።

"አባዬ፣ አያቴ ምን ነበሩ?"

ሙሴ የተማሪ ፈተና እያረመ ነበር። ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

"ገበሬ ነበሩ" አላት።