ለሱሽማ የመጡ ሽማግሌዎች

ባለፈው ቅዳሜ ከሕንፃችን ምድር ቤት ያለውን የዕቃ ማስቀመጫ ሎከር ሳጸዳ፣ ከአሮጌ ካፖርቶች ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ሪሞት አገኘሁ። ፌስታሉ እንዳይንሸራተት በፕላስተር ታሽጓል፤ አንዱ ቁልፍ ላይ ልጄ ሳምራዊት ቀይ የጥፍር ቀለም ቀብታበታለች፣ አያቷ መነጽር ሳትፈልግ «ሕንዱን» ድራማ እንድትከፍት ብላ። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው እናቴ ጉልበቷን የምትቀባው ቅባት አሁንም ይሸታል። ሰው በእናቱ ዕቃ ያለቅሳል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የተነሳብኝ ቂም ነው። ክርስቲያን ቂም አይይዝም እያልሁ ስንቱን መክሬአለሁ፤ በዚያ ድራማ ላይ ግን ይዣለሁ፣ አልዋሽም።

እናቴ ከአሰላ ባሕር ማዶ እኔ ወደምኖርበት ሰፈር ወደ ሬክስዴል የመጣችው ለስድስት ወር ነበር። እኔ አባቴ ሲሞት ከስድስተኛ ክፍል ትምህርት ያቋረጥሁ፣ የማውቀውን ሁሉ መጽሐፍ ላይ ተደፍቼ ራሴ ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ያልተጻፈ ነገር ጠፊ ነው ብዬ አምናለሁ። ለእሷ መምጫ ወፍራም ደብተር ገዛሁ። ያደግሁበትን የአያቴን ቤት፣ በሩ ላይ የነበረውን ጥድ ማን እንደተከለው፣ አባቴ እሷን እንዴት እንዳገባት፣ ሁሉንም ከአፏ ልጽፍ። ከኤርፖርት አጠገብ ካለው መጋዘን ከሥራ ተመልሼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ እስክሪብቶ ይዤ አጠገቧ እቀመጣለሁ። እሷ እጇን ታነሳለች። «ቆይ ልጄ፣ ይቺ ትለቅ።»

ይቺ ግን አታልቅም። በአማርኛ ድምፅ የተሞላ የሕንድ ተከታታይ ድራማ ነው፤ ሰኞ የተነሳ ጥፊ ጉንጭ ላይ የሚያርፈው ሐሙስ ነው። በመሀል ካሜራው ዘጠኝ ሰው ፊት ላይ ሦስት ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ ዝናብ ሳይኖር ሳሎን ውስጥ መብረቅ ይጮኻል። ሴቶቹ ወርቅ አጥልቀውና ተኩለው ይተኛሉ፤ እንደዚያው ይነሳሉ። ተቃጥሎ አመድ የሆነ ሰው በሌላ ፊት ተመልሶ ይመጣል፣ «ፊትህ ምን ነካው?» የሚለው ዘመድ የለም። ያን ሁሉ ሀብት ይዘው በር የሚዘጋ አንድ ሰው አጡ? ሚስጥር ሁሉ በተከፈተ በር ይሰማል። ሱሽማ የምትባለው ምራት ታለቅሳለች፤ ወገቧ ላይ የቁልፍ ዘለላ ያሰረችው አማቷ ታስለቅሳታለች፤ ሱሽማም አትመልስም። አንድ ቀን ሳላስበው ተነስቼ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ አፍ የለሽም?» ብዬ ቴሌቪዥኑ ላይ ጮህሁ።

«ዳዲ፣ ሪላክስ አድርግ፣ ድራማ ነው እኮ» አለች ሳምራዊት።

እናቴ ግን ድራማ ነው አላለችም። እኔ ሥራ በዋልሁበት አንድ ቀን በቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ፕሮግራም ላይ ተነስታ፣ «ሱሽማ የምትባል ልጅ አለች፣ አማቷ አላስቀምጥ ብላታለች፣ ጸልዩላት» ትላለች። ሬክስዴል ውስጥ ከሁለት በር አንዱ የሕንድ ነው፤ ማን ይጠርጥር? ጎረቤታችን መስላቸው ሦስት ሳምንት ጸለዩላት፤ እንዲያውም የጾሙም ነበሩ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ፤ ስከፍት ሦስት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ከረባት አስረው፣ አንደኛው ብርቱካን በከረጢት ይዞ ቆመዋል።

«ወንድማችን፣ ሁለቱንም ወገን አነጋግረን ብናስታርቃቸው ብለን ነው» አሉ ትልቁ። «እህት ሱሽማ ስንተኛው ፎቅ ናት?»

እኔ ገና ሳልመልስ እናቴ ከሶፋው ላይ፣ «ግቡ፣ ግቡ! ማስታወቂያው ይለቅና ትመጣለች!» አለቻቸው።

ገብተው ተቀመጡ። ነገሩ ሲገባቸው ታናሽየው ከረባቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ሳቁን ታገለ። ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡት ትልቁ ግን እስከ መጨረሻው ተመለከቱና፣ «እቺስ በሽማግሌ የምትመለስ አይደለችም» ብለው ብርቱካኑን ለእናቴ ሰጥተው ሄዱ። በማግስቱ እሑድ፣ ለሙሽሮች የጋብቻ ትምህርት የማስተምረውን ሰውዬ፣ ያገኘኝ ሁሉ «ሱሽማ እንዴት ሰነበተች?» አለኝ።

ሰኞ ዕለት የቴሌቪዥኑን ቦክስ ከነሪሞቱ ነቅዬ ምድር ቤት ቆለፍሁበት፤ ለእናቴም «ጣቢያው ተዘግቷል» አልኋት። ሳምራዊትን በአንድ ትንሽ ውሸት መቶ ጊዜ «አልዋሽም» ብላ እንድትጽፍ ያደረግሁ አባት፣ ዓይኔን ሳላሽ ዋሸሁ። የከፋው ደግሞ ደስ ማለቱ ነው፤ ሱሽማንም አማቷንም መብረቁንም በአንድ ቁልፍ የቀበርኋቸው መሰለኝ። ወንበር ስቤ ደብተሬን ዘረጋሁ። «በይ እማዬ፣ አሁን ንገሪኝ።»

የቴሌቪዥኑን ጥቁር መስታወት ብዙ ተመለከተች። ከዚያ እኔን ሳታይ፣ ብርድ ልብሱን ጉልበቷ ላይ እያስተካከለች፣ «የሱሽማ ትንሹ ልጅ ነገረባት» አለች። «አምባሯን ለታመመ አባቷ መላኳን ለአማቷ ነገረባት። መትታው ነበርና ቂም ይዞ ነው። የነገረባት ልጇ መሆኑን አሁን ልታውቅ ነበር። አውቃ ምን እንደምትለው ማየት ፈልጌ ነበር።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁ። ሰባት ዓመቴ ነበር። ክረምት ነው፤ የአያቴ ቤት እርጥብ ጭድና የቅቤ ሽታ ይሸታል። እንስራ ሰብሬ እናቴ ባቴን በልምጭ ገረፈችኝ፤ እኔም ጎተራው ጀርባ ሄጄ አላለቀስሁም፣ አሰብሁ። ከዚያ በፊት እናቴ ከጓሮ በኩል ቅቤ በቅል ሞልታ፣ ለታመመች እናቷ ወደ ገበያ ከምትወርድ ሴት ጋር ስትልክ አይቻት ነበር። ማታ በአያቴ፣ በአባቴ እናት ጭን ላይ ተቀምጬ በጆሮዋ ነገርኋት። አያቴ አልጮኸችም፤ ተነስታ የእናቴን ነጠላ ከግድግዳው ምስማር ላይ አውርዳ ሰጠቻት፣ በቃ። እናቴ በዝናቡ ቁልቁል ወረደች፤ በሽማግሌ የተመለሰችው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የወተቱን ስልባቦት እኔ ብቻዬን በላሁ፤ እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ሳምንት ጣፍጦኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ በሩ ላይ እየቆምሁ ቁልቁለቱን ማየት ጀመርሁ። ማን እንደነገረባት ግን በቤታችን ተነስቶ አያውቅም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ አታውቅም ብዬ ኖርሁ።

ቴሌቪዥኑን የዘጋሁባት ዕለት መናገር ይገባኝ ነበር። እንድናገር ጠብቃኛለች፤ መጠበቋንም አውቄአለሁ። እኔ ግን ደብተሩን ዘጋሁና፣ «ሌላ ድራማ እፈልግልሻለሁ» አልኋት። «እሺ ልጄ» አለች። በረዶው ሲቀልጥ ወደ አገሯ ተመለሰች፤ በሁለተኛው ዓመት ክረምት ላይ አረፈች።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ድራማውን ከኢንተርኔት ፈልጌ፣ እሷ ካቆመችበት ጀምሬ ማየት ያዝሁ። ባለቤቴ «ደህና ነህ?» እስክትለኝ ድረስ በየቀኑ ከሥራ ስመለስ አየሁ፤ ጥፊውንም መብረቁንም ታገስሁ። በመጨረሻ ሱሽማ አወቀች። ልጁ ምሰሶ ጥግ ቆሟል፤ ወደ እሱ ዞረች፣ አፏን ከፈተች፣ መብረቁ ጮኸ፣ ጨለመ። «ከሃያ ዓመት በኋላ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ልጁ ጢሙን አሳድጎ፣ ነጋዴ ሆኖ ከመኪና ይወርዳል። ሱሽማ ሞታ፣ የአበባ ጉንጉን የተንጠለጠለበት፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍ ሆናለች።

ያለችውን ተመልሰው ያሳያሉ ብዬ የቀረውን ሁሉ አየሁ። አላሳዩም። ጸሐፊውን ባገኘው አልምረውም ብዬ ዝቼ ነበር፤ አሁንም አልማርሁትም። ግን የሱሽማ ልጅ ዝም ያለው ዝም በል ተብሎ ስለተጻፈለት ነው። እኔን ግን ዝም በል ብሎ ማንም አልጻፈኝም።