ሚስማር የሚይዘው ጥርስ

ታላቅ ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ሚስማሩ» ነው የሚለው። ሶፋ አዳሽ ነው። ሥራ ሲጀምር አንድ ጭብጥ ጥቃቅን ሚስማር አፉ ውስጥ ይሞጅርና ጉንጩ ውስጥ ይሸጉጠዋል። ከዚያ በምላሱ እያገላበጠ አንድ በአንድ ወደ ፊት ጥርሱ ያመጣል፤ ማግኔት ያለው መዶሻው ከከንፈሩ ላይ ለቀም ያደርግና ቋ! ሁለተኛው እጁ ጨርቁን እንደወጠረ ነው። ታዲያ ቀኑን ሙሉ አያወራም። ሚስቱ እዚያው ክፍል ውስጥ የሶፋ ልብስ ስትሰፋ ትውላለች፤ ምንም ብትጠይቀው መልሱ «እህም» ነው። እንዲህ ሆነው ልጆች አሳደጉ።

በአንድ ነገር ግን ቀልድ አያውቅም። ስፖንጁ የሻገተ ሶፋ አምጥተው «ጨርቁን ብቻ ለውጥልን» ካሉት፣ ሚስማሩን መዳፉ ላይ ይተፋና «እኔ የገማ ነገር ላይ አዲስ ጨርቅ አላለብስም! እስከ እንጨቱ ካልገፈፍኩት ይዛችሁት ሂዱ!» ይላል። እንግዲህ በገዛ ጥርሱ ላይ ጉድ የሠራው ይኸው ሰውዬ ነው።

እኔ ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ የሐኪሟ ረዳት ነኝ። ያቺ ሚስማር የሚይዝባት የፊት ጥርሱ ተሰንጥቃ ስታሰቃየው፣ አፉን በመዳፉ ይዞ እኔ ዘንድ መጣ። ሐኪሟ ጥርሷን ከፍታ ነርቩን አወጣች፣ ሥሯን አጠበች፣ መድኃኒት አደረገችባትና በጊዜያዊ ሙሌት ደፈነቻት።

«ገና አላለቀም፤ በሳምንቱ ይምጡ። ሚስማር ደግሞ በዚች ጥርስ እንዳይነክሱ!» አለችው።

ሕመሙ በማግስቱ ጥፍት አለ። እሱም አብሮ የውሃ ሽታ ሆነ። ብደውል ጆሮ ዳባ ልበስ። ሥራ ቦታው ድረስ ሄጄ ብጨቀጭቀው ሚስማር በሞላው አፉ «እህም» አለኝ። ደሜ ፈላ!

ከወራት በኋላ ከንፈሩ አብጦ መጣ። ድዱ ላይ መግል የቋጠረች ብጉር ወጥታለች፤ ሙሌቱ በሚስማር ተፈርፍሯል። ራጅ ስናነሳው በጥርሷ ሥር ጫፍ ዙሪያ አጥንቱ ተበልቶ ጥቁር ሆኖ ታየ።

«ልትነቀል ትችላለች» አለች ሐኪሟ።

ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ዶክተር፣ ይቺ ጥርስ እኮ ሦስተኛ እጄ ናት! እሷ ከሄደች በምን ልሠራ ነው? መድኃኒት ይዘዙልኝና ልዋጥ።»

«መድኃኒቱ ብቻውን አይደርስባቸውም። ባክቴሪያዎቹ ሥሯ ውስጥ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው፣ ዝልግልግ ነገር አመንጭተው፣ እሱን ተከናንበው ነው የተቀመጡት። የውሃ በርሜል ውስጡ ያሙለጨልጭ የለ? ካልፈገፈጉት ውሃ ቢደፉበት ይለቃል?»

«ሕመሙ ጠፍቶልኝ ነበር እኮ!»

«የሚያመው ነርቭ ስለወጣ ነዋ! የተረፉት ባክቴሪያዎች በተፈረፈረው ሙሌት ከገቡት ጋር ሆነው እንደልባቸው ይባዙ ነበር።»

እኔ አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ በሻገተ ስፖንጅ ላይ ጨርቅ አልብሰህ ሄድክ!» አልኩት።

አፉን እንደከፈተ አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ ዐይኑን ሰበረ። አንጀቴን በላው።

«በይ እንግዲህ፣ እስከ እንጨቱ ግፈፉት» አለ።

ሐኪሟ ሥሯን ከላይ እስከ ታች ፋቀች፣ በኬሚካል አጠበች፣ ደግማ ፋቀች። እሱም በየቀጠሮው እኛ በር ሳንከፍት ደርሶ ይጠብቃል። ከጊዜ በኋላ ራጁ ላይ ያ ጥቁር ነገር እየጠበበ ሄደ፣ ብጉሯም ከሰመች። እሰይ፣ ጥርሷ ተረፈች! ግን ስንጥቋ አሁንም አለ። «አንዲት ሚስማር ቢነክሱባት ለሁለት ትከፈላለች» አለችው ሐኪሟ። ያን ሁሉ የደከመው እኮ ሚስማር ሊይዝባት ነበር። ቅስሙ ተሰበረ።

አሁን ሚስማሩን የእጁ አንጓ ላይ ባሰራት ማግኔት ነው የሚይዘው። ባለፈው ልጠይቃቸው ሄጄ ከሚስቱ አጠገብ ቁጭ ብያለሁ። እሱ እየተነጫነጨ፣ ቀስ እያለ ይመታል። አፉ ባዶ ነው። ድንገት ቀና አለና «ይሄ ስፌትሽ እንዴት ያምራል!» አለ።

ሚስቱ የስፌት መኪናዋን አቆመች። «ማንን ነው?»

«አንቺን ነዋ! እዚህ ሌላ ማን ይሰፋል?»

«እኔ እኮ እስከ ዛሬ ስፌቴን አይወደውም ብዬ ነበር» አለችና መኪናዋ ላይ አቀርቅራ አለቀሰች።

ወንድሜ ከልማዱ የተነሳ «እህም» አለ። ከዚያ ደንገጥ ብሎ መዶሻውን አስቀመጠ።

«እወደዋለሁ» አላት።