የበረዶው እስስቶች

ፍሪጅ ጠጋኙን ሰፈሩ በሙሉ «በረዶው» ይለዋል። ስሙ ከሥራው ብቻ የመጣ አይደለም። ከሰውዬው አፍ ቃል ማውጣት ከድንጋይ ውሃ እንደ መጭመቅ ነው። ጠዋት የመሣሪያ ሣጥኑን አንጠልጥሎ ይወጣል፤ ማታ ተመልሶ ይበላል፣ ይተኛል። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ በትዳራቸው መጀመሪያ ግድም ልታስወራው ብዙ ደክማለች፤ ሲያቅታት ተወችው። «ከሱ ጋር ከመጣላት ከግድግዳ ጋር መጣላት ይሻላል፤ ግድግዳ ቢያንስ ያስተጋባል» ትላለች። እንዲህ ሆነው ሃያ ሁለት ዓመት ኖሩ።

አንድ ቀን የአውሮፕላን ማረፊያው የዕቃ መጋዘን ቀዝቃዛ ክፍሉ ተበላሽቶበት አስጠራው። ሥራውን ጨርሶ እጁን ሲጠርግ፣ ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የእንጨት ሣጥን አጠገብ ተንበርክካ አየ። የእንስሳት ሐኪም ናት። በሣጥኑ ውስጥ ከሩቅ ደሴት ጫካ የመጡ አሥራ አንድ እስስቶች ነበሩ። ያስመጣቸው ነጋዴ ወረቀቱ ሐሰተኛ መሆኑ ሲታወቅ ስልኩን ዘግቶ ጠፍቷል። ስምንቱ በየከረጢታቸው ውስጥ ደርቀው ሞተዋል።

«የቀሩት ሦስቱስ?» አለ በረዶው።

«መመለሻ የለም፣ እኛም ማቆያ የለንም። በመርፌ ይሸኙ ተብሏል» አለች ሐኪሟ፣ ቀና ሳትል።

ጎንበስ ብሎ አየ። እንደ ከሰል የጠቆረው ትልቁ ወንድ አንድ ዓይኑን ሐኪሟ ላይ እንደተከለ፣ ሌላውን ቀስ አድርጎ አዙሮ እሱን ተመለከተው።

«ምንድን ነው የሚበሉት?» አለ በረዶው።

እስስቶቹ ቤቱ የገቡት በዚህ ጥያቄ ነው። ሐኪሟ አለቆቿን ለምና አንድ ወረቀት አስፈረመችው፤ በየወሩ እየመጣች ልታያቸውም ቃል ገባች።

ሚስቱ ሣጥኑ ተከፍቶ ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። «እስስት? እኔ ቤት?» ከልጅነቷ ጀምሮ እንሽላሊት እንኳ ስታይ ወንበር ላይ የምትወጣ ሴት ናት። አብራቸው የምትኖረው እናቷ ከሶፋው ላይ ሆና፣ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» አለችና ሳቀች።

በረዶው ከስፌት ክፍሉ ቀጥሎ ያለችውን ጠባብ ክፍል ባዶ አደረገ። እንጨት ገጣጥሞ፣ ወንፊት ወጥሮ ጎጆ ሠራላቸው፤ ቅርንጫፍ አስገባ፤ መሞቂያ አምፖል ሰቀለ። በሦስተኛው ቀን ግን ከሦስቱ ትንሿ ሴት እስስት ሞተች፤ ውሃ የሞላ ሳህን አጠገቧ እያለ፣ በጥም። ሐኪሟ መጥታ አስረዳችው፤ እስስት የተኛ ውሃ አያውቅም፤ ቅጠል ላይ ሲንጠባጠብ ካላየ አይጠጣም። ያን ቀን ምሳ አልበላም። የጉሉኮስ ቱቦ ፈልጎ አመጣና ከጣሪያው አንጠልጥሎ፣ ጠብታው ከቅጠል ቅጠል እንዲወርድ አደረገ። ትልቁ ወንድ ተንፏቆ መጥቶ ቅጠሉን ሲልስ አይቶ ብቻውን ሳቀ። ሚስቱ ሳቁን ሰምታ በበሩ ስንጥቅ አየችው፤ አልገባችም።

ጠቡ የመጣው በፌንጣ ነው። በረዶው ለእስስቶቹ ቀለብ ፌንጣ በባልዲ ያረባ ነበር። አንድ ከሰዓት ክዳኑ ላልቶ፣ የሚስቱ ደንበኛ የሰርግ ቀሚሷን ስትለካ አንዱ ከደረቷ ላይ ዘለለ። ሴትዮዋ ቀሚሱን እንደለበሰች መርፌ በመርፌ ሆና ወደ ጎዳናው ሮጠች።

«ወይ እኔ፣ ወይ እነሱ!» አለች ሚስቱ ባሏ ሲገባ። «ዛሬ ዝም ብትለኝ ጨርቄን ጠቅልዬ ነው የምሄደው!»

በረዶው የመሣሪያ ሣጥኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«ዕድሜዬን በሙሉ የነካሁት ነገር የሚቀዘቅዝ ነው» አለ። «እነዚህ ግን ጠዋት ጠዋት አምፖሉ ሥር ሲወጡ ቀለማቸው ይመጣል። ጥቁር የነበረው አረንጓዴ ይሆናል፤ ከዚያ ሰማያዊ፤ ጎኑ ላይ ቀይ ይወጣል። ሲሞቀው እኮ ነው። እሱን ካየሁ በኋላ ሥራ ስሄድ ደስ ይለኛል። ላሳይሽ ፈልጌ፣ ስለምትፈሪ ተውኩት። ፌንጣው ግን ጥፋቴ ነው።»

ሚስቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከነገሩ ይልቅ የነገሩ ርዝመት አስደንግጧት ነበር። «ፌንጣዎቹ ጓሮ ይውጡ» አለች በመጨረሻ። በማግሥቱ ጠዋት በሩ ላይ ቆማ፣ አንድ እግሯን ውጭ አድርጋ፣ ወንዱ ቀለሙን ሲያመጣ አየች።

የቀረችው ሴት እስስት በዚያው ዓመት አረገዘች። እርጥብ አሸዋ የሞላ ባልዲ ቢሰጣት ሁለት ቀን ሙሉ በእጇ ቆፍራ፣ ሃያ ሦስት እንቁላል ጥላ፣ አሸዋውን መልሳ ረገጠችው። በረዶው እንቁላሎቹን ሐኪሟ ከመጽሐፍ ባገኘችው መንገድ በሙቀት አቆያቸው። በአራተኛው ወር ሁሉም ሻገቱ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። እሱ ግን ሁለተኛዎቹ አሥራ ዘጠኝ እንቁላሎች ሲመጡ ሐኪሟን አንድ ነገር ጠየቃት።

«አገራቸው ዓመቱን ሙሉ ሞቃት ነው እንዴ?»

«አይደለም፤ መጀመሪያ ብርድና ድርቅ አለ፣ ከዚያ ነው ሙቀትና ዝናብ የሚመጣው።»

«እንግዲያው ብርዱን እየጠበቁ ነው» አለ።

አንድ የተጣለ የለስላሳ መጠጥ ፍሪጅ ጠግኖ፣ ከአሥራ ስምንት ዲግሪ እንዳይወርድና እንዳይወጣ አድርጎ አስተካከለው። እንቁላሎቹን ክዳን ባለው ሣጥን አድርጎ ስድስት ሳምንት እዚያ አስቀምጦ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ሙቀት መለሳቸው። አማቱ በየጠዋቱ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የኛዎቹ ሄዱ ወይ?» እያለች ትቀልድበታለች።

በዚህ መሀል የእንቁላሎቹ እናት፣ እስስቷ፣ ሞተች። ያገኘቻት ሚስቱ ናት፤ ከቅርንጫፉ ሥር ወድቃ። በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልላ አነሳቻት፤ እስስት በእጇ ስትነካ የመጀመሪያዋ ነበር። ባሏ ሲመጣ፣ «እንቁላሎቿን አደራ ብላህ ነው የሄደችው» አለችው።

አደራው ግን ወደ እሷው ዞረ። እንቁላሎቹ በተጣሉ በስምንተኛው ወር በረዶው የአንድ ሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ ሲጠግን ከመሰላል ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ሆስፒታል እግሩን አንጠልጥለው አስተኙት። ሚስቱ ቅጠሉን ትረጫለች፣ ወንዱን ትቀልባለች፣ በየጠዋቱ እየደወለች ዲግሪውን ትነግረዋለች። አንድ ጠዋት ድምፅዋ ተሰብሮ ደወለች።

«እንቁላሎቹ አላባቸው። ተበላሹብኝ መሰለኝ።»

«ጠብታው ክዳኑ ላይ ነው ወይስ እነሱ ላይ?»

«እነሱ ላይ። አንዱ ደግሞ ተጨማዷል።»

በረዶው ዝም አለ።

«አንተ! አሁን ደግሞ ዝም አትበል!»

«አልተበላሹም» አለ። «ሊወጡ ነው። ስልኩን እንዳትዘጊው።»

አልዘጋችውም። ወንበር ስባ ሣጥኑ አጠገብ ተቀምጣ የምታየውን ሁሉ ነገረችው፦ አንዱ ጫፉ እንደ ኮከብ ተሰነጠቀ፤ አፍንጫ ወጣ፤ ቆመ፤ «ደከመው መሰለኝ፣ ልርዳው?» «አትንኪው!»፤ አንድ እጅ ወጣ። የዎርዱ በሽተኞች በሙሉ ጸጥ ብለው ያዳምጡ ነበር። የትንሽ ጣት ግማሽ የምታህል ፍጥረት ከእንቁላሉ ወጥታ፣ ቀጥ ብላ ወደ ሴትየዋ ሄደችና ጣቷን ጨበጠች።

«ያዘችኝ» አለች ሚስቱ።

«ፈራሽ?»

«ዝም በል እስቲ፣ ትደነግጣለች።»

አጠገቡ የተኛው ሹፌር፣ ማን እንደወለደ ሳይገባው፣ «እንኳን ማርያም ማረቻት!» ብሎ አጨበጨበ። በሦስት ቀን ውስጥ ከአሥራ ዘጠኙ አሥራ አራቱ ወጡ።

በረዶው ከዚያ በኋላ ያነክሳል፤ መሰላል አይወጣም። ሐኪሟ ግን አለቆቿን ይዛ መጥታ ግልገሎቹን አሳየቻቸው። መሥሪያ ቤቱ ለተያዙ እንስሳት ማቆያ ክፍል ሲከፍት፣ በሳምንት ሦስት ቀን እንዲሠራ ቀጠረው። ትልቁ ወንድ እስስት ሌላ ሁለት ዓመት ኖሮ፣ አምፖሉ ሥር እንደተዘረጋ ሞተ። ከግልገሎቹ ስድስቱ በሐኪሟ በኩል ወደ ሌላ አርቢ ሄዱ፤ በምትካቸው ከቀሩት ጋር ዝምድና የሌለው ወንድ እስስት መጣ። ዘንድሮ ፍሪጁ ውስጥ አሥራ ሰባት እንቁላል አለ።

ባልና ሚስቱ አሁን በእንቁላሎቹ እርጥበት ይከራከራሉ። እሱ ይበቃል ይላል፤ እሷ ትንሽ ይጨመር ትላለች። አብዛኛውን ጊዜ ልክ የምትሆነው እሷ ናት። ይህን ለሐኪሟ ነግሯታል፤ ለሚስቱ ግን ገና አልነገራትም።