አፍንጫዋ የከዳት ቀማሽ

በወይን ጠጅ ፋብሪካው ሁሉም «አነፍናፊዋ» ይላታል። መጀመሪያ ሲቀልዱባት ያወጡላት ስም ነበር፤ ኋላ የማዕረግ ያህል ጸናባት። ሥራዋ ነጩን ወይን መቀየጥ ነው። ኮምጠጥ ያለውን ከለስላሳው፣ አበባ አበባ የሚሸተውን ከሁለቱ አስማምታ፣ ቀዝቅዞ ሲጠጣ አፍ የሚያጥብ ቀለል ያለ መጠጥ ታወጣለች። ከምን ጋር ቢጠጣ እንደሚጥምም የምትናገረው እሷ ናት፤ ከተጠበሰ አሳ፣ ከዶሮ ጡት፣ ጨው ካልበዛበት አይብ።

በዚያ ዓመት የቅይጥ ወቅት ሲደርስ ኃይለኛ ጉንፋን አልጋ ላይ ጣላት። ተሻላት፤ ማሽተቷ ግን አልተመለሰም። ሳሙና አሸተተች፣ ምንም። ነጭ ሽንኩርት በመዳፏ ጨፈለቀች፣ ምንም። «ነገ ይመለሳል» እያለች ለማንም ትንፍሽ ሳትል ሥራ ገባች። ብርጭቆውን አፍንጫዋ ሥር ይዛ ዐይኗን ትጨፍንና «ከዚህኛው ትንሽ ጨምሩበት» ትላለች። የምትናገረው በትዝታ ነበር። አለቃዋ ከኋላዋ ቆሞ «እሷ ካለች አለቀ!» ሲል ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

እሁድ ልጇ ለምሳ መጣች፤ የመጀመሪያዋን አርግዛ ሆዷ ገፍቷል። እናት ቅይጡን ከምግብ ጋር ልትሞክር አስባ አሳ ጠብሳለች፣ ሎሚ ጨምቃበታለች፣ ለራሷም ወይኑን ቀድታለች። ልጅቷ ገና ከበሩ አፍንጫዋን ያዘች።

«እማዬ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?»

«አሳ ነዋ! የእርግዝና ነገር፣ ሁሉ ይሸትሻል።»

«ኧረ ተይ፣ ይሄ አሳ ተበላሽቷል! እንዴት አንቺን አልሸተተሽም?»

እናት ሳህኑን አየችው። በገዛ እጇ ልጇን ልትመርዝ ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ከታመምኩ ወዲህ ምንም አይሸተኝም» አለች።

«ለአለቃሽ ነግረሻል?»

«ምን ብዬ? የዕለት ጉርሴ ካፍንጫዬ አይደል?»

ልጅቷ አሳውን ውጭ ጥላ ስትመለስ የወይኑን ብርጭቆ አነሳችና አሸተተችው። ፊቷ ተቋጠረ።

«እኔ ስለ ወይን አላውቅም፣ እማዬ። ግን ይሄ ተዘግቶ የከረመ ቁም ሣጥን ነው የሚሸተው።»

እናት በማግስቱ በጠዋት አለቃዋ ቢሮ ገብታ ሁሉንም ዘረገፈችለት። ምክትሏ ተጠርቶ ሦስቱንም ወይን አሸተተ፤ ያ አበባ አበባ የሚለው ሻግቶ ኖሯል። እሷም በላይ በላዩ ስታስጨምር ከርማለች። የተቀየጠው ታንከር እንዳለ ተደፋ። ውሃ መውረጃው ላይ ቆማ አየችው።

«ብትነግሪኝ ኖሮ ምን አደርግሽ ነበር?» አለ አለቃዋ። አልጮኸባትም። ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

ቦታዋ ለምክትሏ ተሰጠ። እሷን ለፋብሪካው እንግዶች ምግብ እንድታሰናዳ አስቀሯት፤ ምላሷ ኮምጣጣና ጨው መለየት አላቃተውም። የዚያ ዓመት ነጭ ወይን ከሁለቱ ብቻ ተቀየጠ። ምክትሉ ብርጭቆውን ሲያቀብላት ጎንጨት አድርጋ «ኮምጣጣነቱ ስለት አለው፤ ቅባት ካለው አሳ ጋር ይስማማል፣ ከሰላጣ ጋር ግን ይጣላል» አለችው። «መዓዛውስ?» ሊላት አፉን ከፍቶ ዋጠው። እሷም አየችው።

ሐኪሙ ማሽተቷ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል ብሏታል። በዚህ መሃል ልጇ በሰላም ተገላገለች። አያቲቱ ሕፃኗን ታቅፋ፣ አፍንጫዋን አንገቷ ሥር ቀብራ፣ ብዙ ቆየች። ሙቀቷ ተሰማት፤ ትንፋሿም ጉንጯን ነካት። ሌላ ምንም አልነበረም።

«ምን ምን ትላለች?» ብላ ልጇን ጠየቀቻት።

«ወተት ወተት፣ እማዬ።»

«እ» አለች፤ ሕፃኗንም አልመለሰችላትም።