ከጋቢው ሥር ያየሁት

ይህ የገጠመኝ ንጉሡ ከሥልጣን ከመውረዳቸው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ መርሳ ላይ ነው። ያኔ አዲስ ፖሊስ ነበርኩ። በሥራ ዘመኔ ከዚያ የከፋ ነገር ያየሁ ቢሆንም፣ እንደዚያች እሑድ ደጋግሜ ያሰብኩት ቀን የለም።

የወልድያ ልጆች ከመርሳ ልጆች ጋር ኳስ ሊጫወቱ በአውቶቡስ መጡ። ባለፈው ግጥሚያ ዳኛው ተደብድቦ ስለነበር አለቃችን ጠዋት ሰብስቦ፣ «ዛሬ ስለት ይዞ የሚገባ አለ ተብሏል። እጁን የደበቀ ካያችሁ ቀድማችሁ እርምጃ ውሰዱ» አለን። ቆመጤን ይዤ ከጎሉ አጠገብ ቆምኩ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የመርሳው በረኛ ከአንድ አጥቂ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። ዳኛው ለወልድያ ሪጎሬ ሰጠ። ተመልካቹ ተንጫጫ። በዚህ መሃል ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከሕዝቡ ወጥተው ዳኛው ወደቆመበት ሮጡ። ቀኝ እጃቸው ከጋቢው ሥር ነው፤ የቀጭን ነገር ጫፍ ብቅ ብሏል። ጠረጠርኩ ማለት አልችልም፤ ስለት አየሁ። እጃቸውን በቆመጥ መታሁ።

መሬት ላይ የተበተነው የተሰነጠቀ ሸምበቆና የተጠቀለለ ጨርቅ ነበር። አንዲት ሴት፣ «ወጌሻውን መታቸው» አለች።

አባባ እንድሪስ ይባላሉ። ከመርሳ እስከ ግራና ከተማ ድረስ አጥንቱ የተሰበረ ሰው የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። ዳኛው አጠገብ የወደቀው በረኛ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተሰብሮ ነበር። የእሳቸው የእጅ አንጓ ደግሞ ማበጥ ጀምሯል።

«አላወቅኩም አባባ» አልኳቸው።

«እሱ ይቆየን። ና ቁጭ በል። የኔ እጅ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ባንተ እጅ እንሠራዋለን።»

ቆመጡን ጥዬ ተንበረከክሁ። በግራ እጃቸው እግሩን እየዳበሱ፣ «እዚህ ጋ ያዝ። አትቸኩል፣ ሥጋው ይላላ» አሉኝ። ቆይተው፣ «ቢስሚላሂ። አሁን ሳብ» አሉ። በረኛው ጮኸ። አጥንቱ ሲገጥም መዳፌ ላይ ተሰማኝ። ሸምበቆውን ዙሪያውን ደርድሬ አሰርኩ። ሪጎሬው ሳይመታ ሰው ተበተነ።

በረኛው ከወራት በኋላ ሳያነክስ ሄደ። የአባባ እንድሪስ አንጓ ግን ተጣሞ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ረዳት አጥንት ማቅናት አልቻሉም። ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ስሄድ፣ «አላህ ይቅር ይበልህ፤ እኔ ትቼዋለሁ» አሉኝ። ቀጥለው፣ «ግን ሰዉ መንገድ ሲለቅልኝ አላየህም?» ብለው ጠየቁኝ።

እውነታቸውን ነው። ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሎ «ይለፉ፣ ይለፉ» ይል ነበር፤ ሌሎች ነግረውኛል። እኔ ያየሁት ጋቢውን ብቻ ነው።

አለቃዬ፣ «የታዘዝከውን ነው የፈጸምከው፣ ጥፋት የለብህም» አለኝና ጉዳዩ ተዘጋ። እኔ ግን ዛሬ፣ በጡረታ ዘመኔ፣ ሌላ ነገር አስባለሁ። ሽማግሌው እውነትም ስለት ይዘው ቢሆን ኖሮ ዓይነ ፈጣን ተብዬ እመሰገን ነበር። ምን ሳላይ እንደመታሁ ያኔ ማንም አያውቅም ነበር፤ እኔም ራሴ። ስለዚህ በሥራዬ የተመሰገንኩባቸውን ቀኖች ሳስታውስ ደስታዬ ሙሉ አይሆንም።