ኤክስ ያለበት ዘፈን

የባቲን ቅኝት በፈንክና በጃዝ ምት የምንጫወት የላሊበላ ባንድ ነበርን። ኮን ከተማ ላይ ለበዓል መድረክ ልንወጣ ስንል የባህል ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ የዘፈኖቻችንን ዝርዝር መለሰልኝ።

"አንብበህ ለልጆቹ ንገራቸው።"

እኔ ሳክስፎን እንጂ ፊደል አላውቅም፤ ይህን ደግሞ ከባንዱ ማንም አያውቅብኝም። ሦስተኛው መስመር ላይ ኤክስ፣ ከጎኑም በእጅ የተጻፈ ነገር አለ። የዘፈኖቹን ተራ በቃሌ ስለያዝሁ የትኛው ዘፈን እንደሆነ ገባኝ። ምርጫ ላይ ኤክስ የምናደርገው ለምንመርጠው አይደል?

"ሦስተኛውን ወደውታል፣ በሱ እንጀምር" አልሁ።

"ስለ ድርቁ የሚያለቅሰውን? ዘንድሮስ ልብ ገዝተዋል" ብሎ ቤዝ ጊታሪስቱ ሳቀ።

ገና መግቢያውን ስነፋ ኃላፊው ከፊት ወንበር ብድግ አለ። ማቆሙን ስለፈራሁ እስከ መጨረሻው ነፋሁ። ስንወርድ ጠበቀኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ 'ይሰረዝ' የሚለውን ማንበብ አትችልም እንዴ?"

አልችልም ብል ባንዱ ይተርፍ ነበር። ጓደኞቼ ግን ቆመው ያዩኛል።

"እችላለሁ።"

"እንግዲያው አውቀህ ነው" አለና የመንግሥት ንብረት የሆነውን ሳክስፎን ከአንገቴ አወለቀ። ባንዱም በዚያው ፈረሰ።

ፊደል የቆጠርሁት ዕድሜዬ ከገፋ ነው። ጓደኞቼ ዛሬም ሲያገኙኝ ደፋር ነበርህ ይሉኛል። አሁንም እውነቱን ልነግራቸው እፈራለሁ።