ከፋፋን አሸዋ ሥር ላለው ውሃ

ከድሬዳዋ የተነሳነው ጠዋት ነው። እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግኩት ጅግጅጋ ስለሆነ አማርኛውንም ሶማሊኛውንም እኩል እናገራለሁ። አብሮኝ የተሳፈረው ኢንጂነር ዮናስ ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣ የውሃ ባለሙያ ነው። የምንሄደው ፋፋን ወንዝ ዳር ወደሚደረግ ስብሰባ ነበር።

ፋፋን ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይደለም። ዝናብ ሲጥል በጎርፍ ይሞላል፤ ጎርፉ ሲያልፍ አሸዋ ብቻ ይቀራል። ውሃው ግን አሸዋው ሥር ይቆያል። የአካባቢው ሰው ጉድጓድ እየቆፈረ ልጆቹንም ከብቱንም የሚያጠጣው ከዚያ ነው። ጅግጅጋ ውስጥ ግንባታ ሲበዛ ገልባጭ መኪኖች አሸዋውን ይጭኑ ጀመር። አሸዋው ባነሰ ቁጥር ጎርፉ ሳይሰርግ ያልፋል፣ ጉድጓዱም ይደርቃል። መንደርተኛው መንገድ ዘግቶ መኪና እስከ ማስቆም ደርሶ ነበር። እኛ ስንሄድ ጠቡ ገና አልበረደም።

ባቢሌ

ሚኒባሱ ባቢሌ ሲቆም ኦቾሎኒ የሚሸጡ ሴቶች በየመስኮቱ ተሰለፉ። ሁለታችንም ገዛን፤ ገና ከምጣድ የወረደ ስለነበር ሙቀቱ በወረቀቱ ውስጥ ያልፋል። ዮናስ ገና ከተማውን ለቀን ሳንወጣ የራሱን ጨርሶ ወደ እኔ እጁን ዘረጋ።

ከባቢሌ በኋላ መንገዱ ግዙፍ ድንጋዮች አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብረው በቆሙበት ሸለቆ ያልፋል። አንዳንዱ በልጅ ጣት ቢነካ የሚወድቅ ይመስላል።

«ማን ደረደራቸው?» አለ ዮናስ።

«ማንም። ዝናብና ንፋስ በዙሪያቸው የነበረውን አፈር አጥቦ ወስዶት ነው።»

በመስኮቱ እያየ «አፈሩ የት እንደሄደ ነው እኔን የሚያሳስበኝ» አለ።

ፋፋን

ወንዙ ዳር ስንደርስ ከአንድ ትልቅ ግራር ሥር ምንጣፍ ተነጥፎ ሰው ተሰብስቧል። የወረዳው ውሃ ቢሮ ኃላፊ አቶ ፈርሃን ተቀበለን። በግመል ወተት የፈላ ሻይና ካንጄሮ ቀረበልን፤ ካንጄሮ እንጀራን የሚመስል፣ ለስለስ ያለ የሶማሌ ቁርስ ነው። በአንድ በኩል የመኪኖቹ ባለቤት ሐጂ ዩሱፍ ከሾፌሮቹ ጋር ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ጉድጓድ ያላቸው ቤተሰቦች አሉ። ስለ እነሱ የምትናገረው ሆዳን ናት፤ ሰው ሁሉ «ኤዶ» ይላታል፣ አክስቴ እንደማለት ነው።

ዮናስ ስዕል ዘርግቶ በወንዙ አግድም በሽቦ መረብ ውስጥ ድንጋይ እየሞሉ ዝቅ ያለ ግድብ መሥራት እንደሚቻል አስረዳ። ጎርፉን ያዘገየዋል፣ አሸዋ ያጠራቅማል፣ አሸዋው ውሃ ይይዛል። ይህ እንዲሆን ግን በጉድጓዶቹ አካባቢና ከዚያ በላይ አሸዋ መጫን መቆም አለበት።

ሐጂ ዩሱፍ ከተቀመጠበት ተነሳ።

«ሾፌሮቼ ምን ይብሉ? ይሄ ሰውዬ ስዕሉን አሳይቶን ነገ አገሩ ይገባል። እዚህ ቀርተን የምንጣላው እኛ ነን!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አቶ ፈርሃን ጠጋ ብሎ በአማርኛ «ትንሽ አለስልሺው» አለኝ። ባለሰልሰው ስብሰባው በሰላም ይቀጥል ነበር፤ ግን ዮናስ ላልሰማው ነገር እንዴት ይመልሳል? እንዳለ ተረጎምኩት።

ዮናስ አልተቆጣም። «እውነታቸውን ነው፣ እሄዳለሁ። ስለዚህ እኔ ስሄድ ግድቡን ማን እንደሚጠብቅ፣ መኪኖቹም የት እንደሚጭኑ ሳንስማማ አንድ ድንጋይ አናነሳም በያቸው።»

ይህን ስተረጉም ሐጂ ተመልሶ ተቀመጠ። ቀጥላ ሆዳን ተናገረች።

«ሐጂ፣ እናትህ አንተን ያሳደገችህ ከዚህ ጉድጓድ ቀድታ ነው። መኪናህን አልጠላሁም። ጉድጓዴ ላይ አታቁምብኝ ነው ያልኩህ።»

ክርክሩ እስከ ቀትር ሶላት ዘለቀ። ከሶላት መልስ ሐጂ ራሱ የሁለቱንም ወገን ሰዎች ይዞ ወንዙን ቁልቁል ሄደ። ከታች፣ ጉድጓድ በሌለበት መታጠፊያ፣ ከዚያ ብቻ ሊጭን ተስማማ። መኪኖቹ ባዶ ሲመጡ ከኮረብታው ድንጋይ ያደርሳሉ፤ ቢሮው ሽቦውን ያቀርባል፤ መንደሩ ይደረድራል፣ ይጠብቃል።

«ሽቦው ነገ ይደርሳል» አለ አቶ ፈርሃን።

«አምናም ነገ ብለኸኝ ነበር» አለች ሆዳን። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ሽቦው ግን በማግስቱ ደረሰ።

ጎርፉ

እኔና ዮናስ አቶ ፈርሃን ቤት ሰንብተን ሥራው ሲጀመር አየን። ሴቶች ድንጋይ እየተቀባበሉ፣ ወንዶች ሽቦውን እያሰሩ የግድቡ መሃል ወገብ ድረስ ደረሰ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በላይ በኩል፣ በተራሮቹ ላይ፣ ሰማዩ ጠቆረ። እኛ ጋ ፀሐይ ነው። ሆዳን ቀና ብላ ጆሮዋን ጣለችና «ውጡ!» ብላ ጮኸች።

ድንጋይ የጫነ አንድ ገልባጭ ወንዙ መሃል ጎማው አሸዋ ውስጥ ሰጥሟል። ሾፌሩ ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ይብስ ይገባል። ሐጂ ዩሱፍ ጫማውን አውልቆ ወደ መኪናው ሮጠና ጭነቱን እንዲደፋው ጮኸበት። ድንጋዩ ከግድቡ ሥር ተዘረገፈ። ያኔ መንደርተኛው፣ ያን መኪና መንገድ ላይ አግቶ የነበረው ሰው ሁሉ፣ የግመል ገመድ ይዞ ወረደ። ዮናስ በአማርኛ፣ ሐጂ በሶማሊኛ ይጮኻሉ፤ ማንም ትርጉም አልጠበቀም። እኔም ገመዱን ያዝኩ። መዳፌ ተላጠ። መኪናው ተንገጫግጮ ዳር ሲወጣ ቡናማው ውሃ ቅርንጫፍ እየገፋ መጣና የቆምንበትን አሸዋ ሸፈነው።

ሾፌሩ ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሆዳን በኩባያ የግመል ወተት ቀድታ በሁለት እጁ አስያዘችው።

በማግስቱ ውሃው ሲጎድል የግድቡ አንድ ጎን ተወስዶ አገኘነው። መሃሉ ግን ቆሟል፤ ከኋላው አዲስ አሸዋ ተነጥፏል። ሐጂ በባዶ እግሩ ረገጠው፤ እርጥብ ነበር። ስልኩን አውጥቶ መኪኖቹ ሁሉ ድንጋይ ጭነው እንዲመጡ ጠራ።

መመለስ

ዮናስ ጎኑን ለማስጠገን ቀረ፤ እኔ ብቻዬን በሐረር በኩል ድሬዳዋ ገባሁ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ እጄን አይቶ «ማስተርጎም እንዲህ ያቆስላል እንዴ?» አለኝ። ስቄ ነገርኩት። ጠበኞች ሲነጋገሩ ነገር ማለሳለስ ያስታርቃል ብዬ ለዓመታት አምኜ ኖሬአለሁ። ፋፋን ላይ ግን ሰዎቹ የተስማሙት ሻካራው ቃል እንዳለ ከደረሰ በኋላ ነው።

በበጋው፣ ጉድጓድ ሁሉ በሚደርቅበት ሰሞን፣ ሆዳን ደወለች። የእነሱ ጉድጓድ አልደረቀም፣ ከብቶቹ እዚያው እየጠጡ ነው፤ ከግድቡ ዝቅ ብሎ ደግሞ ሁለተኛ ግድብ ሊጀመር ነው።

«ነይ» አለችኝ።

«ስብሰባው መቼ ነው ኤዶ?»

«የምን ስብሰባ? ድንጋይ የሚያቀብል ሰው አንሶናል።»